ጣራን ሰገነት ስለ ማድረግ

የታሪክ መምህራችን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ከየክፍሉ ጽሑፍ እንዲቀርብ ባዘዙ ጊዜ ጓደኞቻችን ወዲያው ዐድዋን፥ ማይጨውንና መቅደላን ተከፋፈሏቸው። ለእኛ የቀረ ጦርነት አልነበረም። «እንግዲያስ እናንተ ስለ ምን ትጽፋላችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ፥ «ስለ ቤታችን ጣራ» ብለን መለስን፤ ክፍሉም ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ጣራም ታሪክ አለው፤ ብቻ ከነገሥታቱ ጣራ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ ውረዱ» አሉን። እኛም እንደ ትእዛዛቸው ለማድረግ ሞክረናል፤ ምንም እንኳ ቅደም ተከተሉን በጥቂቱ ብናዛባው።

ቤታችን የሚገኘው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ለሚወርድ ሰው ድልድዩን ሳይሻገር መሄድ ያስቸግረዋል። ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ እኒህም አባ መላ እየተባሉ የሚጠሩት የጦር ሚኒስትር ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦሩን ሥራ ተረከቡ፤ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ከዋናዎቹ አዝማቾች አንዱ ነበሩ፤ በ1919 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ሀብቴ! ሀብቴ!» እያለ ሲጣራ ስለ ማን እንደሚጣራ የሚያውቅ ተሳፋሪ ስንቱ ይሆን? ይህ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እኛ ወደ ጣራው እንውጣ።

አያታችን (የአባታችን አባት) በ1961 ዓ.ም. በፊት ለፊት የልብስ ስፌት ሱቅ፥ በስተ ጀርባ መኖሪያ ክፍሎች ያሉት አንድ ቤት አሠሩ። ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 6 ሜትር ነው። ክዳኑን ግን እንደ ጎረቤቶቹ ቆርቆሮ አላደረጉትም፤ በሲሚንቶና በፌሮ ለጥ ያለ ሶሌታ አስሞሉት። ምክንያቱም ገንዘብ ሲገኝ በላዩ አንድ ደርብ ሊጨምሩበት አስበው ነበር። ስለዚህ በየዓምዱ ራስ ላይ የፌሮ ዘንግ አንድ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ቆሞ ቀረ። በከተማችን የሚዞር ሰው እንዲህ ያለ የፌሮ ዘንግ በብዙ ቤት አናት ላይ ያያል፤ ሁሉም የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ እርሱም «ይቀጥላል» የሚለው ነው። አያታችን በ1977 ዓ.ም. ሲሞቱ ደርቡ አልተጀመረም፤ ዘንጎቹም እንደ ቆሙ ዛጉ።

እንግዲህ የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ለዝናብ ብቻ የሠራውን ጣራ፥ የሚቀመጥበትና የሚሠራበት ስፍራ ማድረግ ከመቼ ጀምሮ ያለ ልማድ ነው? በእኛ አገርስ የት ለመደ፥ የት አልለመደም?

ስለ ቃሉ በመጀመሪያ እንናገር። አማርኛችን «ሰገነት» የሚል የከበረ ቃል አለው። ብዙዎቻችን ቃሉን ያወቅነው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በዕለታዊ ንግግራችን ግን አንጠቀምበትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕቃው ሳይኖር ቃሉ ብቻውን በምላስ ላይ አይቆይም። በቅዱስ መጽሐፍ አገር ግን ጣራ ሁሉ ለጥ ያለ ስለ ነበረ ብዙ ነገር የተፈጸመው በጣራ ላይ ነው። ረዓብ የኢያሱን ሰላዮች የሸሸገችው በጣራዋ ላይ ለመድረቅ በተረበረበ የተልባ እግር ውስጥ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ በቀትር ሊጸልይ የወጣው ወደ ጣራ ነው። ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች በር ቢያጡ ጣራውን ነድለው አወረዱት። ንጉሥ ዳዊት በሰገነቱ ሲመላለስ ያየውና ያ ማየት ያስከተለው ነገር ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አንዘረዝረውም፤ ነገር ግን ሰገነት የሰው ግቢ የሚያሳይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ይህ ጉዳይ በኋላ ይመለስብናል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ያለው ሕግ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን። አንድ መሐንዲስ ይህን ስናነብለት፥ ስለ ጣራ መከታ ከተጻፉት የሕንፃ ደንቦች ይህን የሚቀድም እንደማያውቅ ነገረን።

በእኛ አገር ለጥ ያለ ጣራ በሦስት ስፍራ በደንብ ይታወቃል፤ እነርሱም ትግራይ፥ ሐረርና ጎንደር ናቸው። ስለ ትግራዩ የምናውቀው ከሴት አያታችን ነው። እርሳቸው ያደጉት ከዐድዋ ገጠር በሕድሞ ቤት ውስጥ ነው። ሕድሞ ማለት በጭቃ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፥ በውስጡ የእንጨት ምሰሶ፥ በምሰሶው ላይ ወፋፍራም ተሸካሚ፥ በተሸካሚው ላይ ተቀራርቦ የተደረደረ ቀጫጭን እንጨት ያለው ቤት ነው። በእንጨቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይና ቅጠል ይነጠፋል፤ በዚያም ላይ አፈር ይፈሰስና እየተረገጠ ይደቀደቃል። ውሃው እንዳይተኛ በጥቂቱ ዘንበል ይደረጋል፤ በዳሩም የውሃ መውረጃ ይወጣለታል።

አያታችን እንደሚሉት በጣራው ላይ ያልተሠራ ሥራ የለም። እህል ይሰጣል፥ በርበሬ ይደርቃል፥ ልጅ ይጫወታል፥ እረኛ የጠፋ ከብት ከዚያ ሆኖ ያማትራል። ክረምት ሲገባ ሣር ይበቅልበታል፤ ፍየል ወጥታ ትግጠዋለች። «ቤታችን ጠጉር ነበረው» ይላሉ ሲስቁ። ነገር ግን ስለ ድካሙም ሳይነግሩን አላለፉም። በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ አባታቸው ወደ ጣራው ወጥተው የተሰነጠቀውን ይፈልጋሉ፥ አዲስ አፈር ይጨምራሉ፥ ይደቀድቃሉ። «ጣራ እንደ ሕፃን ነው፤ ትተኸው አትውልም» የሚሉት ነገር ከዚያ የመጣ ይመስለናል። እኛ ያን ጊዜ ይህን ምክር ሰምተን ቢሆን ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ባልተጻፈም ነበር።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው የጥንቱ የሐረሪዎች ቤት ደግሞ ተጠጋግቶ የተሰለፈ የእንጨት ተሸካሚና በላዩ የተደለደለ አፈር ያለው ነው። ከተማይቱ በግንብ የታጠረች ስለ ሆነች ግቢ ጠባብ ነው፤ ቤት ከቤት ይያያዛል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጣራ ሌላ ግቢ ማለት ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከጣራዎቹ ግን ብዙዎቹ ከዚያ አስቀድሞ ወደ ቆርቆሮ ተለውጠዋል። ቆርቆሮ በየዓመቱ አፈር አይጠይቅም፤ ይሁን እንጂ የሚቀመጥበት የለም።

ጎንደር ሌላ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማቸውን በዚያ ከመሠረቱ በኋላ ያሠሩት ግንብ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያለው ክብ ግንብ፥ በመካከሉም ለጥ ያለ ጣራና በዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው መከታ አለው። ከጣራው በላይ ደግሞ ሌላ ከፍ ያለ ማማ ይወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በሰገነቱ ላይ ሆነው ለሕዝቡ ይናገሩ እንደ ነበር፥ ጸሎትም ይደረግበት እንደ ነበር ይነገራል፤ ሰማዩ ጥሩ ሲሆን ከማማው ጣና ይታያል ይባላል። ለእኛ የሚበልጠው ትምህርት ግን ያለው በቅቡ ነው። ግንቡ የተያያዘው በኖራ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አንዳንዱን ክፍል በሲሚንቶ አደሱት፤ ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ስለ ሆነ እንደ ኖራ አይተነፍስም፤ ውሃ ከኋላው ሲገባ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በኋላ በተደረገው እድሳት ወደ ኖራው መመለስ አስፈለገ። ማለፊያ የሚመስል ዕቃ ሁሉ በሁሉ ስፍራ ማለፊያ አይደለም።

ላሊበላን ብንዘለው ደግሞ ይወቅሱናል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍላ ስትሠራ አናቷ ለጥ ብሎ በላዩ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ መስቀል ተቀርጾበታል። ያን መስቀል ቆሞ የሚያየው ሰው ከላይ በሜዳው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ማለትም ጣራው በመንገደኛው እግር ትይዩ ነው። ለዝናቡም መፍሰሻ ተበጅቶለታል። ለጥ ያለ ጣራ ከሩቅ ለጥ ያለ ይምሰል እንጂ ፈጽሞ ለጥ ያለ እንዳይሆን የጥንት ጠራቢዎች ያውቁ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ በሰሜንና በምሥራቅ ሲኖር በሸዋ ለምን አልለመደም? መልሱ በጭንቅላታችን ላይ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥልባታል፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የዐድዋና የሐረር ዝናብ ከዚህ ያነሰ ነው። እንዲህ ባለ አገር አፈር የተሸከመ ጣራ በአንድ ክረምት ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የሸዋ ሰው ጎጆውን ሹል አድርጎ በሣር ከደነ፤ ውሃው ሳያርፍ እንዲወርድ። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱም ሕዝቡም የኖሩት በዚሁ ዐይነት ክዳን ሥር ነው። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ወዲያ ቆርቆሮ ማምጣት ቀለለ፤ ከተማይቱም ከላይ ስትታይ መልኳ ተለወጠ።

በአራዳ የሕንድ፥ የአርመንና የግሪክ ሰዎች የሠሯቸው፥ ባላገሮቹም እያዩ ያሠሯቸው ባለ ደርብ ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ነበራቸው። እነዚህ ቤቶች ሰገነት የላቸውም፤ ነገር ግን በሰገነት ፋንታ የእንጨት በረንዳ ነበራቸው። ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ መንገዱን ለማየት፥ ቡና ለመጠጣት፥ ለማማትም ቢሆን በረንዳ ይበቃል። ጣይቱ ሆቴልን ያየ አንባቢ የምንለውን ያውቃል። እንግዲህ በአራዳ ከፍ ብሎ በውጭ መቀመጥ በረንዳ የጀመረው ነው እንጂ ሰገነት አይደለም።

ለጥ ያለ ጣራ ወደ አራዳ የገባው ከሲሚንቶና ከፌሮ ጋር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቆመ፤ የአራዳው ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ እንዲዛወር ተደረገ፤ የቀድሞው ስፍራም ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ከነጻነት በኋላ በ1950ዎቹ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የመሰሉ ትላልቅ ሥራዎች ሲነሡ ለጥ ያለው ጣራ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። አያታችን ቆርቆሮን ንቀው ሶሌታ ያስሞሉት ይህን እያዩ ይመስለናል፤ ልብስ ሰፊ ፋሽን ያውቃል።

በዚያን ዘመን በአውሮፓ ስለ ጣራ ብዙ ተብሎ ነበር። ለ ኮርቡዚየ የሚባለው ዝነኛ የሕንፃ ሊቅ ስለ አዲስ ሕንፃ አምስት ነጥብ ሲያወጣ አንዱ የጣራ ላይ አትክልት ነበር፤ ቤቱ ከምድር የወሰደውን ስፍራ በጣራው ይመልስ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በማርሴይ ባለቀው ትልቅ ሕንፃው አናት ላይ የሕፃናት መዋያ አደረገ። በቶሪኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 የተጠናቀቀው የፊያት ፋብሪካ በጣራው ላይ የመኪና መሞከሪያ መንገድ ነበረው፤ መኪናው ከታች እየተገጣጠመ ደርብ በደርብ ወጥቶ በጣራው ላይ ይነዳ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያ ጣራ በዛፍና በአበባ ተሞልቶ የሰው መናፈሻ ሆነ። መኪና የሚነዳበት ጣራ አትክልት መሸከሙ አያስገርምም። የእኛ ጣራ ግን መኪና የሚነዳበት አልነበረም።

ስለ ለ ኮርቡዚየ አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። ይኸው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 አገራችን በተወረረች ጊዜ ለአዲስ አበባ የሚሆን የከተማ ንድፍ ነድፎ ለጣሊያኖች አቅርቦ ነበር። በንድፉ ላይ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የነበሩት ሰፈሮች ግን እንዳልነበሩ ተቆጥረዋል። ንድፉ አልተሠራበትም። ጣራን ለሰው ለመመለስ ያን ያህል የተጨነቀ ሰው የሌላውን አገር ሰው ቤት እንዴት ማየት አቃተው? ከመምህራችን ጋር ብዙ ተከራክረንበታል፤ አልተስማማንም።

አሁን ወደ ራሳችን እንውረድ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኛ ገና የ13 ዓመት ልጆች ነበርን። ግቢያችን ሦስት እርምጃ ነው፤ መንገድ መውጣት ተከለከለ። ያን ጊዜ በቤታችን ላይ 60 ካሬ ሜትር የሆነ፥ ሰማይ ያለው፥ ማንም የማይኖርበት ስፍራ እንዳለ ዐይናችን ተከፈተ። በመሰላል ወጣን። ከዚያ ሆነን ስናይ በቅርባችን የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ዝም ብሏል፤ በሰሜን እንጦጦ፥ በስተ ላይ አራዳ ጊዮርጊስ ይታያል። ከመኝታ ክፍላችን በአራት ሜትር ርቀት ብቻ ይህን ያህል ዓለም መኖሩን አለማወቃችን አስቆጨን።

ወዲያው አትክልት ለመትከል ቆረጥን። አባታችን ሱቃቸው ስለ ቀዘቀዘ ሥራ ፈት ነበሩ፤ ሐሳቡን ወደዱት። በጆንያ አፈር አስመጣን፤ ከጣራው 20 ካሬ ሜትር ያህሉን በ15 ሳንቲ ሜትር አፈር ሸፈንነው። ጌሾ፥ ጤና አዳም፥ በሶ ብላ፥ ጎመን ተከልን። አያታችን ከታች ሆነው፥ «የሕድሞ አፈር ይደቀደቃል እንጂ አይኮተኮትም!» ብለው ጮኹ። እኛ ግን ይህ ሲሚንቶ ነው፥ የዘመኑ ነው ብለን ናቅናቸው። ጎመኑም በሰኔ ደረሰና በላን፤ ድል ያደረግን መሰለን።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ አልቆም አለ። ጠዋት አባታችን ሱቁን ሲከፍቱ ኮርኒሱ አብጦ፥ ከመሐሉ ተቀዶ፥ ቡናማ ውሃ ለአዲስ ዓመት ተብሎ በታዘዘ ጨርቅ ላይ ሲወርድ አገኙት። የሰው ሱፍ አምስት፥ የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ አንድ ተበላሸ። ያ ዓመት ለልብስ ሰፊ የረኃብ ዓመት ነበር፤ የዕዳው ክፍያ እስከ ፋሲካ ድረስ ቆየ። አባታችን አንድም ቀን አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

የመጣው መሐንዲስ የአባታችን የቀድሞ ደንበኛ ስለ ነበር ገንዘብ አልተቀበለም፤ በምትኩ እያንዳንዱን ነገር እያስቆጠረ አስተማረን። አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ይመዝናል። የእኛ እርጥብ አፈር በካሬ ሜትር ወደ 270 ኪሎ፥ በጠቅላላው ከ5 ቶን በላይ ነበር። ጠጋኝ ብቻ እንዲወጣበት የሚታሰብ ጣራ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ያህል፥ ሰው የሚኖርበት ወለል ግን 200 ኪሎ ያህል ጭነት ይታሰብለታል። «ታዲያ ለምን አልፈረሰም?» ብንለው፥ ሶሌታውን አየና «ይህን ያሠራው ሰው ጣራ አላሠራም፤ የደርብ ወለል ነው ያሠራው» አለን። ያልተሠራው የአያታችን ደርብ አዳነን ማለት ነው።

ውሃው የገባው በሁለት በኩል ነበር። አንደኛ፥ አፈሩ የውሃ መውረጃውን ደፍኖት ነበር። ሁለተኛውና የከፋው በፌሮዎቹ ሥር ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ሲሚንቶ ይሰነጥቃል፤ ውሃው ዘንጉን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ላይ ሶሌታው ራሱ ቀን በፀሐይ ይረዝማል፥ ሌሊት ያጥራል፤ 10 ሜትር ርዝመት ያለው፥ በ30 ዲግሪ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ስንጥቁ አያርፍም። መሐንዲሱ ሁለት መንገድ ብቻ እንዳለ ነገረን፤ ወይ ሁሉን በቆርቆሮ ከድኖ መተው፥ ወይ በሥርዓቱ ሰገነት ማድረግ። በሁለቱም ግን ፌሮው መቆረጥ አለበት።

አያታችን አልፈቀዱም። ፌሮውን መቁረጥ «ደርቡ ቀረ» ብሎ መሐላ ማፍረስ ነው አሉ። ባላቸው በቆሙበት ቀን እያንዳንዱን ዘንግ በእጃቸው እየነቀነቁ፥ «ይህ የልጄ ክፍል፥ ይህ የአንቺ ጸሎት ቤት» እያሉ ያሳዩአቸው ነበር። አባታችንም አያታችንን አልፈው ብረት ቆራጭ ሊጠሩ አልደፈሩም። አፈሩን በጆንያ መልሰን አወረድነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ነገሩ ተንጠለጠለ። አንድ ቀን ግን አያታችን መሰላሉን ያዙልኝ አሉ። በ80 ዓመታቸው ወጡ። ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አቧራውን አሸተቱት። ከዚያም «አባቴ ቢሆን ይህን አይቶ አያድርም ነበር» አሉና፥ አንዷን ብቻ ትተው ሌላው እንዲቆረጥ ፈቀዱ።

ሥራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ቆየ። ፌሮው ከሥሩ ተቆርጦ ዝገቱ ተፋቀ፥ ጉድጓዱ ተደፈነ። በሶሌታው ላይ ከመካከል ወደ ሁለት ጎን በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚወርድ ቅብ ተደረገ። በዚያ ላይ በሬንጅ የተነከረ ሽፋን በሁለት ድርብ ተለጠፈ፤ በግድግዳውም ላይ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ እንዲታጠፍ ተደረገ፤ ግንበኛው እንዳለው ውሃ የሚሰርቀው በማዕዘን ነውና። ከሽፋኑ በላይ ሊሾ ፈሰሰ፤ ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ በየሁለት ሜትሩ ተከፍሎ በመካከሉ ሬንጅ ተሞላ፤ ሲረዝምና ሲያጥር እንዳይሰነጠቅ። ለፈተና መውረጃዎቹ በጨርቅ ተወትፈው 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተኛበት። ያን ሌሊት አባታችን በሱቁ ውስጥ መብራት አብርተው ኮርኒሱን ሲያዩ አደሩ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

በዙሪያው የብሎኬት መከታ አንድ ሜትር ከ10 ተሠራ። እኛ የኦሪቱን ሕግ ጠቅሰን «በቂ ነው» አልን፤ ጎረቤታችን የሆኑት ወይዘሮ ግን በዳዊት ታሪክ መለሱልን። ግቢያቸው ሁሉ ከእኛ ሰገነት ይታያል ለካ። ስለዚህ በእርሳቸው በኩል መከታው ላይ የቀርከሃ አጥር ተጨመረበት፤ ሰላምም ሆነ። ለመሰላሉ ምትክ የብረት ደረጃ ተሠራ። አትክልቱ ዛሬ ያለው በቀላል ማሰሮና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከግድግዳ በላይ በሆነው ዳር ዳር ላይ፥ መካከሉን እንዳይጫን። ከመውረጃው በታች በርሜል አስቀመጥን፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚህ ጣራ ላይ ሲወርድ 1200 ሊትር፥ ማለትም ስድስት በርሜል ይሞላል። ቧንቧ በሚጠፋበት ቀን ሰፈሩ ከእኛ ይቀዳል።

ከዚያ ወዲህ የምናጠናው እዚያ ነው። በርበሬና ድርቆሽ ይሰጣል፤ ቡና በእሑድ ይፈላል፤ አያታችን በማለዳ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያላሰብነው ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ሆነ። በዚያ ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ለከተማው የኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች፥ ዶሮ ማነቂያም ጭምር፥ ሲፈርሱ አቧራው ወደ እኛ ይነፍስ ነበር። አባታችን ስለ ደንበኞቻቸው ተጨነቁ፤ ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሩቅ የከተማው ዳርቻ ሄደዋልና። አዲሱ መንገድ ሰፊና ያማረ ነው፤ ማታ ሲበራ ከሰገነታችን ደስ ይላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለአሮጌዎቹ የእንጨት በረንዳዎች ግን ከእንግዲህ ማን ታሪክ ይጽፋል? ከነዚያ ቤቶች አንዱን እንኳ ሳይፈርስ ለክተን፥ ሥለን ባለማስቀረታችን እናዝናለን፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየናቸው ነበር።

አያታችን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንድ ልማድ አወጡ። ጠዋት በሰገነቱ ላይ ሲቀመጡ ዐይናቸውን ወደ ላይ ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ አንሥተው የሚያውቋቸውን ጣራዎች በባለቤታቸው ስም ይቆጥራሉ፤ የሌለው ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እኛም ከአጠገባቸው ሆነን ዘንድሮ ስሞቹን በደብተር እንጽፋለን፤ እስከ አሁን 34 ደርሰናል። የፌሮዋ ነገርም እንዲህ ነው። በምሥራቅ ማዕዘን የቀረችው አንዷ ዘንግ ዝገቷ ተፋቆ ቀለም ተቀብታለች፥ ሥሯም በሬንጅ ተደፍኗል፤ የልብስ ገመድ የሚታሰረው በእርሷ ላይ ነው።